ከብት ጠብ አያውቅም፦ በተኳረፉ የካውቦይ ቤተሰቦች መካከል ስለሚጻፍ አስቂኝ ፍቅር

የተከበራችሁ የልቦለድ ወዳጆች፣ ጸሐፊዎችና ተርጓሚዎች፣ እንዲሁም ለማዳመጥ ብቻ ብላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እንደምን አመሻችሁ? መንገዱን ታግሣችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንበር ያጣችሁ ከፊት በኩል ቦታ አለ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ርእሳችን የካውቦይ ፍቅር ነው፤ ያውም የሚያስቅ የካውቦይ ፍቅር። ሁለት ከብት አርቢ ቤተሰቦች ከአያት ጀምሮ ተኳርፈዋል። የአንደኛው ቤት ልጅ የሌላኛውን ቤት ልጅ ይወዳል። ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ታዲያ ስናነበው ብዙ ጊዜ ሳቃችን የማይመጣው ለምንድን ነው? ልባችንስ የማይነካው ለምንድን ነው?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ጸሐፊው ባርኔጣውን ያውቃል፣ ሽጉጡን ያውቃል፣ ላሟን ግን አያውቃትም። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ሳቁም ፍቅሩም የሚወጣው ከሥራው ነው፤ ከአጥሩ፣ ከውሃው፣ ከጥጃው። ሰው ይጣላል። ከብት ጠብ አያውቅም። አጥር ጥሶ የጠላትን ሣር ይግጣል፣ የጠላትን ውሃ ይጠጣል፣ የጠላትን ላም ይሰርራል። ልድገመው፤ ከብት ጠብ አያውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ጠቡ በምን ይነሣ? ሁለቱ የት ይገናኙ? በአማርኛ ስንጽፈው እንዴት ይነጋገሩ? ቦታችንን አሜሪካ፣ ሞንታና አድርጉልኝ፤ ዘመኑ የአሁኑ ይሁን። ዓመቶችንና ወሮችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

እንግዲህ አንደኛው፦ ጠቡ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምዕራቡ አሜሪካ የከብት አርቢዎች ጠብ ብዙ ጊዜ የእውነት ደም ያፈሰሰ ነው። በ1892 ዋዮሚንግ ውስጥ ትልልቆቹ አርቢዎች ከቴክሳስ ታጣቂ ቀጥረው፣ በልዩ ባቡር አሳፍረው ወደ ጆንሰን ካውንቲ ላኩ። ኔት ቻምፒየን የሚባል ካውቦይ ጎጆው ውስጥ ተከብቦ ሲታኮስ ዋለ። ጥይት እየዘነበበት በትንሽ ደብተር ላይ የሚሆነውን ይጽፍ ነበር። በመጨረሻ ቤቱን በእሳት አያያዙት፤ ሮጦ ሲወጣ ገደሉት። አሪዞና ውስጥም የግሬሃምና የቴክስበሪ ቤተሰቦች በ1880ዎቹ ተጨራርሰዋል። በዚህ ላይ ሊሳቅ ይችላል? አይቻልም። ስለዚህ የሚያስቅ ታሪክ የምትጽፉ ሁሉ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ቁርሾ ይኑር እንጂ ደም አይኑር። ሬሳ ከወጣበት ቤት ሙሽራ ስታወጡ አንባቢ አብሯችሁ አይስቅም።

ታዲያ ደም የሌለበት ጠብ እስከ ሁለት ትውልድ ይዘልቃል ወይ? እንዴታ! አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሃትፊልድና ማኮይ ስለሚባሉት ቤተሰቦች ሰምታችሁ ይሆናል። ካውቦዮች አይደሉም፣ የኬንታኪና የዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በ1878 ራንዶልፍ ማኮይ ፍሎይድ ሃትፊልድ ግቢ ውስጥ አንድ አሳማ አየና «የኔ ነው» አለ። ያን ጊዜ አሳማ ጫካ ይለቀቃል፤ ባለቤቱ የሚለየው በጆሮው ላይ በተቆረጠው ምልክት ነው። ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ራሱ ሃትፊልድ ነበር። ፍርድ እንዲሰጡ ስድስት ሰው ከዚያ ቤት፣ ስድስት ሰው ከዚህ ቤት ተቀመጠ። ፍርዱ ለሃትፊልድ አጋደለ፤ ያጋደለውም አንድ ማኮይ ነው ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የራንዶልፍ ልጅ ሮዛና ከሃትፊልዶቹ ልጅ ከጆንሲ ጋር ተዋደደች።

ቤቶቹ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የቀረ ቂም ነበራቸው፤ ፍጻሜውም አሳዛኝ ነው፤ ጆንሲ በ1881 ያገባው የሮዛናን ዘመድ ናንሲን ነው፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው ሞተ። ነገር ግን የአሳማውን ችሎት ብቻ ለብቻው እዩት። አሥራ ሁለት ጎልማሶች የአንድ አሳማ ጆሮ ላይ ሲመራመሩ! የምንፈልገው ጠብ ይህን ያህል ትንሽ፣ ይህን ያህል የተጨበጠ ነው። «አባቶቻቸው ተቀያይመው ነበር» ብላችሁ አትለፉ። በምን ተቀያየሙ? በስንት ሜትር? በስንት ሊትር?

አጥሩን እንይ። ጆሴፍ ግሊደን እሾሃማ ሽቦውን ለፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1874 ነው። ሽቦው ቴክሳስ ሲደርስ ሰዉ በሌሊት መቁረጫ ይዞ ይወጣ ጀመር፤ በ1884 አጥር መቁረጥ በከባድ ወንጀል የሚያስጠይቅ ሆነ። ሞንታና ደግሞ እስከ ዛሬ ክፍት ግጦሽ የሚባለው ሕግ አለ። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የጎረቤትህ ላም ማሳህ እንዳይገባ ከፈለግህ የምታጥረው አንተ ነህ። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ የላሟን ባለቤት ያስከስሰዋል፤ ነገሩን የሚያውቅ አንባቢም መጽሐፉን ዘግቶ ይተወዋል።

የጋራ አጥርን በተመለከተ በብዙ ቦታ የተለመደ አንድ ደንብ አለ። ሁለቱ ጎረቤቶች ከአጥሩ መካከል ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ በቀኙ ያለውን ግማሽ ይጠግናል። በቃ። እስቲ አስቡት፤ ሃያ ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ሽማግሌዎች ማን የትኛውን እንደሚጠግን ለማወቅ የግድ መጥተው ዓይን ለዓይን መተያየት አለባቸው። መካከሉስ የት ነው? አንደኛው ከወንዙ ይለካል፣ ሌላኛው ከመንገዱ። ሰባት ሜትር ማንም የማይጠግነው አጥር መካከል ላይ ይቀራል። ከብቱ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች በሰባት ሜትሯ ነው። ይኸውላችሁ ጠብ፤ ይኸውላችሁ ሳቅ፤ ሁለቱ ልጆች የሚገናኙባትም ቦታ ተገኘች።

ውሃውስ? በምዕራቡ ግዛቶች የወንዝ ውሃ መብት በዕድሜ ነው። ውሃውን አስቀድሞ የጠለፈ በድርቅ ጊዜ አስቀድሞ ድርሻውን ይጨርሳል፤ ኋላ የመጣው ከተረፈ ያገኛል፣ ካልተረፈ ቦዩ ይዘጋበታል። የአንዱ አያት በ1883 ጠልፎ የሌላው በ1884 ከሆነ፣ የዚያች የአንድ ዓመት ልዩነት ዋጋ በእያንዳንዱ ደረቅ ኦገስት ይታያል። አርቢዎች ውሃውን ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩትም «የቆፋሪ ኢንች» በሚባለው በጥንቱ የማዕድን ቆፋሪዎች መለኪያ ነው፤ ሞንታና ላይ አርባው በሰከንድ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ይሆናል፣ 28 ሊትር ግድም ማለት ነው። የቦዩ በር እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚዞር መዘውር አለው። በሌሊት ሁለት ዙር ከፈት ያደረገ ሰው እስኪነጋ የጎረቤቱን ሣር ያጠወልጋል። እንግዲህ ያኛው ቤት ልጁን «ሄደህ በሩን ጠብቅ» ብሎ ይልካል፤ ይኸኛው ቤትም ልጁን «ሄደሽ በሩን ጠብቂ» ብሎ ይልካል። አንድ በር፣ ሁለት ጠባቂ፣ አንድ ሙሉ ሌሊት። ፍቅር ከዚህ የተሻለ ምን ሰበብ ይፈልጋል?

አሁን ግን ከሁሉ የምወደው ላይ ደርሻለሁ፤ ኮርማው።

አንደኛውን ቤት የጥቁር ከብት ቤት በሉት፤ አንገስ የሚባለውን የስኮትላንድ ዘር ያረባሉ። ይህ ዘር ምዕራቡን የረገጠው ጆርጅ ግራንት በ1873 አራት ኮርማ ወደ ካንሳስ ሲያስመጣ ነው። ሁለተኛውን ቤት የቀይ ከብት ቤት በሉት፤ ሄርፎርድ ያረባሉ፣ ገላው ቀይ፣ ፊቱ ነጭ፤ ይህኛውን ሄንሪ ክሌይ በ1817 ከእንግሊዝ ወደ ኬንታኪ አስመጥቶታል። ሁለቱም ቤቶች በዘራቸው ንጽሕና ይኮራሉ። አንድ ቀን ጁን 1 ሌሊት የጥቁሩ ቤት ኮርማ በዚያች በሰባት ሜትሯ በኩል ያልፋል። ሲነጋ ተመልሶ በረቱ ደጅ ቆሞ ያመሰኳል። ማንም አላየውም።

ላም የምታረግዘው 283 ቀን ግድም ነው። ከጁን 1 ተነሥታችሁ ቁጠሩ፤ ማርች 11 ላይ ትደርሳላችሁ። የሚወለደው ጥጃ ምን ይመስላል? የአንገስ ጥቁረት የሄርፎርድን ቅላት ይሸፍነዋል፤ የሄርፎርድ ነጭ ፊት ደግሞ አይሸፈንም። ስለዚህ ጥጃው ጥቁር ሆኖ ፊቱ ነጭ ይሆናል፤ ጥቁር ቦቃ። ቀይ ላሞች ብቻ ባሉበት በረት ውስጥ ሁለት ሦስት ጥቁር ቦቃ ጥጃ ሲዘል ምንም ዳኛ፣ ምንም ምስክር አያስፈልግም።

ልብ በሉልኝ፤ ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ዲቃላ የሚለው ቃል ለሰው ስድብ ነው፣ ለከብት ግን ሙገሳ። የሁለቱ ዘር ቅልቅል ቶሎ ያድጋል፤ ጊደሮቹም ላም ሲሆኑ ጥሩ እናት ይሆናሉ፣ ብዙ ዓመትም ይወልዳሉ። ጥቁር ቦቃ ላም ገበያ ላይ ተፈላጊ ናት። እና የቀዩ ቤት አባት ኦክቶበር ላይ ጥጃዎቹን ሲመዝን ምን ያያል? በኀፍረት ከጓሮ የደበቃቸው ጥጃዎች ከንጹሖቹ በልጠው ይመዝናሉ። ለማንም አይናገርም። ሚዛኑ ሥራውን አበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ደግሞ ይመዝናቸዋል። ስለ ሁለቱ ልጆች ጋብቻ አንድም ቃል ሳትጽፉ አንባቢው ገብቶታል፤ እባካችሁ እዚያ ላይ ማብራሪያ አትጨምሩበት።

ሁለተኛው፦ የት ይገናኙ?

አጥሩን ከጠቀስኩ ዘንድ፣ አጥር ጥገና የሁለት ሰው ሥራ ነው። የተበጠሰውን ሽቦ አንድ ጫፍ ትጠመዝዝና ቀለበት ትሠራለህ፣ አዲሱን ቁራጭ በቀለበቱ ታሳልፋለህ፣ በመወጠሪያ ትስባለህ፣ ሌላው ሰው የዩ ቅርጽ ያለውን ሚስማር ቋሚው ላይ ይመታል። ሚስማሩ ሽቦውን አንቆ እንዳይዝ ትንሽ ይቀርለታል፤ አጥር ሲሞቅና ሲበርድ መላወስ አለበት። ከመጠን በላይ የተወጠረ ሽቦ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ፊት ይጋረፋል። ስለዚህ የሚስበው ሰው ቋሚውን በመካከል አድርጎ፣ የቆዳ ጓንት ለብሶ ይቆማል። ጓንት የረሳው ልጅ የልጅቷን አንድ እጅ ጓንት ቢዋስ፣ ጓንቱም ቢጠበው፣ ይህ ሳቅ ነው፤ ሽቦው ፊቱን ቢተለትለው ግን ሳቅ አይደለም። መስመሩን እወቁት።

የምልክት ቀንም አለ። በሜይ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ የባለቤቱን ምልክት በጋለ ብረት የጥጃው ቆዳ ላይ ይተኩሳል፤ በሰው ኃይል የሚሠራ ደቦ ስለሆነ የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ከጠፋ እጅ ያጥራል። ብረቱ ቀይ እስኪሆን መጋል የለበትም፤ ቀይ ብረት ጠጉሩን ያቀጣጥልና ምልክቱን ያጨማልቀዋል። የአመድ ቀለም ሲይዝ ነው ልኩ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይበቃል፣ ሲነሣ ቆዳው የኮርቻ ቀለም ይይዛል። እርጥብ ጥጃ አይተኮስም፣ እንፋሎቱ ይቀቅለዋል። ገመድ ወርዋሪው ጥጃውን ከኋላ እግሮቹ ከያዘ በኋላ ገመዱን ከኮርቻው ፊት በቆመው ጉጥ ላይ ይጠመጥማል፤ ሲጠመጥም አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይቆማል። ዓይኑ ወደ ልጅቷ የሄደ ወርዋሪ አውራ ጣቱን ሊያጣ ይችላል፤ በእውነትም ብዙዎች አጥተዋል። ጸሐፊዎች፣ ዓይኑ ይሂድ፣ ጣቱን ግን አድኑለት፤ ጥጃው ያምልጠውና አባቷ ፊት ይፈር።

አንድ ሥነ ምግባር ልጨምር። ከብት አርቢን «ስንት ከብት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባንክ ስንት ገንዘብ አለህ እንደማለት ነው። የከተማ ሰው ገጸ ባሕርይ ካላችሁ ይህችን ጥያቄ ማዕድ ላይ ያንሣትና ማንኪያው ሁሉ ጸጥ ይበል። የሰው በር ሲያልፉም ተዘግቶ ያገኙትን ዘግተው፣ ተከፍቶ ያገኙትን ክፍት ትተው ነው።

ስለ አለባበስ ባጭሩ። ባርኔጣው ከ1865 ጀምሮ ስቴትሰን የሠራው ነው፤ በመዳብ ብሎን የተጠናከረው ሱሪ የሌዊ ስትራውስና የጄኮብ ዴቪስ የ1873 ፈጠራ ነው፤ የቦቲው ተረከዝ ከፍ ያለው እግር በእርካቡ ሾልኮ እንዳያልፍ ነው። ይበቃል።

አሁን ወደ በረቱ እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፌብሩዋሪ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በረዶ። የመጀመሪያዋን የምታምጥ ጊደር የሽርት ውሃዋ ፈሶ ከሰዓት በላይ ሆኗታል፣ ለውጥ የለም። የቤቱ ልጅ ብቻውን ነው። መብራት ያየችው የጠላት ቤት ልጅ መኪናዋን አቁማ ትገባለች። መጀመሪያ የሚታየው ሰኮና ነው። የሰኮናው መርገጫ ወደ መሬት ካየ የፊት እግር ነው፣ ደኅና ነው፤ ወደ ሰማይ ካየ ጥጃው ወደ ኋላ ዞሯል ማለት ነው፣ ይፈጠናል። ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ እግር ሁለት ቦታ ይታሰራል፦ አንዱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ ሌላው ከበታቹ። በአንድ ቦታ ብቻ ከታሰረ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፍና አጥንቱን ይሰብረዋል። የሚሳበው እናቲቱ ስታምጥ ብቻ ነው፤ አንዱን እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን። ስታርፍ ታርፋላችሁ። ጥጃው ከወጣ በኋላ በደረቱ ይተኛል፣ አፍንጫው ውስጥ ገለባ ይገባለታል፣ ያስነጥሳል፣ ይተነፍሳል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ እንገር መጥባት አለበት፤ አንድ ቀን ካለፈ አንጀቱ የእንገሩን መከላከያ መቀበሉን ያቆማል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለፍቅር ታሪክ ምን ያደርጋል? እነግራችኋለሁ፤ ሦስተኛው ነጥቤ ይኸው ነው።

እንግሊዝኛ ሁሉንም ሰው በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እኛ አንተ አለን፣ አንቺ አለን፣ እርስዎ አለን፣ አንቱ አለን። የተኳረፉ ጎልማሶች በቀዝቃዛ ትሕትና «እርስዎ» ይባባላሉ። ይህ ለኛ ጸሐፊ የተሰጠ ሀብት ነው፤ ለምን እንጥለዋለን? ልጁ በረቱ ደጅ ላይ «ምን ፈልገው ነው?» ይላታል። «መብራት አይቼ ነው። ካላስፈለግሁዎት እሄዳለሁ።» «ሰንሰለቱን ያቀብሉኝ።» ታቀብለዋለች። ጊደሯ ስታምጥ ግን ሰዋስው የሚጠብቅ ሰው የለም፦ «ሳቢ! አሁን ሳቢ! ቆይ፣ ቆይ፣ አርፋለች፣ ልቀቂ!» አንባቢው ሰምቶታል፤ እሷም ሰምታዋለች፤ እሱ ብቻ አልሰማም። ጥጃው ይወለዳል፣ ይነጋል፣ እጃቸውን ይታጠባሉ። «ቡና ይጠጣሉ?» ይላታል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ሌሊት ሳቢ ያልከኝ ሰው ከሆንክ የምትጋብዘኝ፣ እጠጣለሁ።» እዚህ ላይ መሳም አያስፈልግም። «ወደድኩሽ» ማለትም አያስፈልግም።

አባቶቹም እንዲሁ። ጠብ ባለበት ቤት የሰውየው ስም አይጠራም፤ «ያ ከወንዝ ማዶ ያለው ሰውዬ» ነው። ስሙን የጠራው ቀን ግማሽ መንገድ መጥቷል። «አንቱ» ያለው ቀን ደግሞ ሽማግሌ መላክ ይቻላል። ወዳጆቼ፣ ይህን መሰላል እርከን በእርከን ውጡት፤ አትዝለሉ። ምዕራፍ ሦስት ላይ «አንተ» ተባብለው ከጨረሱ ምዕራፍ አሥር ላይ የሚሰጣቸው ነገር አይኖራችሁም።

መጨረሻውን ልናገርና ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ። ሠርጉ ሲቃረብ አዲሶቹ ባልና ሚስት የራሳቸው የከብት ምልክት ያስፈልጋቸዋል። ምልክት በሞንታና የሚመዘገበው ቅርጹ ብቻ አይደለም፣ ቦታውም ነው፤ ግራ ዳሌ ላይ ያለውና ቀኝ ጎን ላይ ያለው አንድ ዓይነት ቅርጽ ሁለት የተለያየ ምልክት ነው። የሚነበበውም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። እንግዲህ የማን ቤት ፊደል ከላይ ይሁን? ዳሌ ላይ ነው ጎን ላይ? ሃያ ዓመት ያልተነጋገሩት ሁለት አባቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ፤ እየተጨቃጨቁ፣ በየማታው፣ አንድ ማዕድ ላይ። በመጨረሻ ይስማሙና ብረቱን ራሳቸው እንበይዳለን ይላሉ። የሚተኩስ ብረት እንደ ማኅተም ነው፤ ፊደሉ በብረቱ ላይ ተገልብጦ ካልተሠራ ቆዳው ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ብረት ይዘዋል፤ ግን አንዱ ሌላውን ሲቆጣጠር ሁለቱም ረሱት። የመጀመሪያው ጥጃ፣ ያ በበረዶ ሌሊት የተወለደው፣ የተገለበጠ ፊደል ዳሌው ላይ ይዞ ይነሣል።

የተገለበጠ ፊደልም በሕግ ምልክት ነው፤ ይመዘገባል። ልጅቷ ወረቀቱን እንዳለ ሞልታ ትልከዋለች።

አመሰግናለሁ። ከኋላ በኩል እጅ ያነሣሽው እህቴ፣ ከአንቺ እንጀምር።